ኦቦ ቶሎሳ ሊለምኑ አልመጡም

ዛሬ ሰበታ፣ የምሠራበት ፋብሪካ በር ላይ፣ የውጭ አገሩ ሥራ አስኪያጅ ለኦቦ ቶሎሳ መቶ ብር ዘረጋላቸው።

ሽማግሌው ሊለምኑ አልመጡም! ፋብሪካው የቆመው እርሻቸው ላይ ነው። መሬቱ ሲወሰድ ለሴት ልጃቸው ሥራ ቃል ተገብቶላቸው ነበር፤ እሱን ሊጠይቁ ነው የመጡት።

«ምን ይላሉ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

አስተርጓሚው፣ የራሳችን ሰው፣ «ምጽዋት ይፈልጋሉ» አለው። የልጅቷን ቦታ ለእህቱ ልጅ ሰጥቶታላ!

ኦቦ ቶሎሳ ብሩን አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ለማኝ መሰልኩ እንዴ?»

አላስቻለኝም። በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ እውነቱን አፍረጠረጥኩት። ሥራ አስኪያጁ ደነገጠ፤ ልጅቷ ነገ ሥራ እንድትጀምር አዘዘ።

ለእኔም ያለ ሥራዬ ገብተሃል ተብዬ ከሰዓት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ለዚህ ለዚህማ ፈጣን ናቸው።

«ሰው የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ለምን ይቃወማል?» ለምትሉኝ፣ ይኸው፤ የገበሬው መሬት ይወሰዳል፣ ቃሉ ይቀራል።

ቡራዩና ሱሉልታ ያላችሁ፣ እናንተስ ከፋብሪካ በር ምን ተብላችሁ ተመለሳችሁ?