ያለ ውሃ የተነሳው የጀልባ ሞተር

በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ከወንዙ በላይ በነበረው የመኪና መጠገኛ ግቢ ውሃ ቀጂ ነበርኩ። ካሚዮን ከመነሳቱ በፊት ባልዲዬን ተሸክሜ እመጣለሁ፣ የሞተሩን ውሃ አፉ ድረስ እሞላለሁ፣ ከዚያ «ጠጥቷል!» ብዬ እጮሃለሁ። መካኒኩ እኔ ሳልጮህ ሞተር አያስነሳም። ያ መካኒክ ባሌ ነበር፤ በግቢው ውስጥ ግን ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም።

የደበቅነው ወደን አይደለም። ከባሌ በፊት የነበረውን መካኒክ ማርሽ ውስጥ አሸዋ ጨምረሃል ብለው ሲወስዱት፣ ምሳ ይዛለት የመጣችውን ሚስቱንም ከበሩ ላይ አፍሰው አብረው ጫኗት። አሸዋው የተጨመረ ይሁን ከመንገድ የገባ የጠየቀ የለም። ሁለቱም ወጥተው ቀሩ። ስለዚህ እኔና ባሌ ጠዋት ከቤት ተራ በተራ እንወጣለን፤ ግቢ ስንደርስ እሱ «አንቺ ልጅ» ይለኛል፣ እኔ «እርስዎ» እለዋለሁ። ማታ ቤታችን ገብተን በዚህ እንሳሳቅ ነበር። እኔ እየሳቅኩም እፈራ ነበር።

አንድ የክረምት ጠዋት ካሚዮን ላይ የተጫነ ጀልባ መጣ። ኮልፌ ላይ ጀልባ! ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ሊያይ ወጣ። ነጭ የተቀባ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ሞተር ተቀምጦለታል። ግቤ ሞልቶ ወታደር ማሻገር ስላልተቻለ በጅማ መንገድ ወደዚያ ሊወስዱት ነው። የግቢው አለቃ ጣሊያን ነበር፤ ካቦ እንለው ነበር። ባሌን ጠርቶ «ሞተሩን ፈትሽ፣ ከምሳ በኋላ ይሄዳል» አለውና ወደ ከተማ ወጣ።

እኔ እንደ ልማዴ ባልዲዬን ይዤ መጣሁ። ባሌ በሞተሩ ዙሪያ ዞሮ ዞሮ ውሃ የሚገባበትን አፍ አጣ።

«የት ላፍስሰው?» አልኩት።

«አፍ የለውም እኮ። ውሃ የማይፈልግ ዓይነት ይሆናላ። አንዳንዱ በነፋስ ነው የሚበርደው።»

አመንኩት። ምን ላድርግ? እሱም እኔም ከክረምት ጎርፍ የበለጠ ውሃ አይተን አናውቅም። መኪና ውሃውን በሆዱ ይዞ እንደሚዞር እናውቃለን፤ የጀልባ ሞተር ከሥሩ ካለው ወንዝ እየሳበ እንደሚጠጣ ማን ይንገረን? የዚያን ቀን «ጠጥቷል!» ሳልል ሞተር ተነሳ።

ድምፁ ያምር ነበር፤ ባሌም ደስ ብሎት ፈገግ አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን የተቃጠለ ጎማ ሸተተን፣ ከሞተሩ ጎን ጭስ ወጣ። ባሌ ዘሎ አጠፋው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ምንድነው የሚሸተው?» አለ በሩን የሚጠብቀው አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር።

«አሮጌ ጎማ እያቃጠልን ነው!» አልኩ። መልሱ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ባሌ በሞተሩ ጎን ያለች አንዲት ትንሽ ክዳን በካቻቢቴ ፈታ። ውስጧ መዳፍ የምታክል መዘውር አለች፤ መሃሏ ናስ ነው፣ ዙሪያዋን የጎማ ምላሶች ተተክለውባታል። ስትሽከረከር በምላሶቿ ከአንዱ ቧንቧ ውሃ እየሳበች ወደ ሞተሩ የምትገፋው እሷ ናት። ሁለታችንም ነገሩ የገባን ያኔ ነው። ያለ ውሃ ስትፋተግ ምላሶቿ አርረው፣ ተበጣጥሰው፣ እንደ ቂጣ ፍርፋሪ ክዳኑ ውስጥ ተበትነዋል።

«አበቃልኝ» አለ በሹክሹክታ። «ሆን ብለህ ነው ይሉኛል። አንቺ ባልዲሽን ይዘሽ ወደ ወንዝ ውረጂ፣ በዚያው ወደ ቤት ሂጂ።»

«አርፈህ ሥራህን ሥራ!» አልኩት። ስፈራ እቆጣለሁ፤ ይህ ጠባይ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። የዚያን ቀን ግን እንዴት እንደፈራሁ ለሰው መንገር ይቸግረኛል። አይኔ ከበሩ ላይ ተጭና የሄደችውን ያቺን የቀድሞውን መካኒክ ሚስት እያየ፣ ምሳ የቋጠረችበትን ጨርቅ እያየ፣ እጄ ፍርፋሪውን እየለቀመ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ይከት ነበር።

ምትክ ዕቃ የለም። ባሌ የጎማ ካላማዳሪያ ቆርጦ ሞከረ፤ ስስ ስለሆነ እጥፍ ይላል። የካሚዮን ጎማ ቆረጠ፤ ወፍራም ስለሆነ አልገባም አለ። ከዚያ ወደ እግሩ አየ። ያደረገው በረባሶ ነው፤ ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማ፣ ከኮልፌ አስኮ ሲመላለስበት ሶሉ አልቆ የለሰለሰ። አንዱን አወለቀና በቢላ ምላስ ምላስ አድርጎ ቆራርጦ ናሱ ላይ አጥብቆ ሰካቸው። ሌላውን እግር ጫማም አውልቆ ጎማ ክምር ሥር ወሸቀው። አንድ እግር ጫማ ያደረገ ሰው ያስጠይቃል፤ ባዶ እግሩን የቆመ ሐበሻን ግን ማን ልብ ይለዋል?

«ደረቋን ከገባች ደግማ ትቃጠላለች» አለ። «ማለስለሻ ያስፈልጋታል።»

ግራሶውን ካቦው ቆልፎበት ሄዷል። እኔ ደግሞ በዋዜማው ፀጉሬን ቅቤ ተቀብቼ ነበር። ሻሼን ገፋ አድርጌ ራሴን ዝቅ አደረግሁለት። ጣቶቹን ፀጉሬ ውስጥ እየከተተ ቅቤውን ጠረገና ምላሶቹን አንድ በአንድ ቀባቸው። አስካሪው ፊቱን ቢያዞር የምንለው ነገር አልነበረንም። ባሌ ምላሶቹን ሁሉ ወደ አንድ ጎን አጣጥፎ አስገባና ክዳኑን መልሶ አሰረ። እኔ በርሜል ሞላሁ፤ የሚስበውን ቧንቧ ከተትንበት።

«ስንት ጊዜ ይቆያል?» አልኩት።

«ከዚህ በር ይውጣልኝ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ የራሳቸው ጣጣ ነው።»

ካቦው ምሳውን በልቶ፣ ደስ ብሎት መጣ። «አስነሳ!» አለ። ሞተሩ ተነሳ። ካቦው ከጀልባው ኋላ ያለውን ቧንቧ ነበር የሚያየው፤ ለካ ሞተሩ የጠጣውን ውሃ የሚተፋው በዚያ ነው። ቧንቧው ደረቅ ነው። ባሌ ወደዚያ አያይም፤ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ የተጠረገውን ደግሞ ይጠርጋል። እመቤቴን መለመን ጀምሬ ቃሉ ጠፋኝ። ቧንቧው አንዴ አገሳና ውሃውን ዠቅ አደረገው። የካቦው ቦት ጫማ ራሰ። ሊመታው ነው ስል ሳቀ፤ «ብራቮ!» ብሎ የባሌን ትከሻ ቸብ አደረገ።

ትንፋሼ ገና መመለሱ ነበር። ካቦው ጣቱን መጀመሪያ ወደ ባሌ፣ ቀጥሎ ወደ ጀልባው ቀሰረ።

«አንተ፣ ሞተር፣ አንድ ላይ። ግቤ።»

«ጌታዬ፣ እኔ የካሚዮን መካኒክ ነኝ። ጀልባ አላውቅም።»

ካቦው በጣቱ ወደሚሠራው ሞተር አመለከተ። ይኸው ታውቃለህ ማለቱ ነው።

ባሌ ባዶ እግሩን ካሚዮኑ ላይ ወጣ። ሁለት ወታደሮች ከጎኑ ተቀመጡ። ምን እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ፤ ሞልቶ የሚወርድ ወንዝ፣ መሳሪያ የያዘ ወታደር የሞላው ጀልባ፣ መሃል ላይ ደግሞ ከጫማው የቆረጣት ጎማ። ባሌ ነው ብዬ ብጮህ እሱን አያወርዱትም፣ እኔን ይጨምሩኛል። እሱም ይህን ስለሚያውቅ እያየኝ ራሱን በትንሹ ነቀነቀ።

«አንቺ ልጅ» አለኝ፤ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ነበር። «በርሜሉን ድፊና ወደ ቦታው መልሺ።»

«እሺ፣ እመልሳለሁ» አልኩት።

ካሚዮኑ ዛሬ ዘነበወርቅ በሚባለው በኩል ወደ ጅማ መንገድ ሄደ። እኔ በርሜሉን ደፋሁ። ካቦው እዚያው ቆሞ ስለነበር አላለቀስኩም።

ባሌ አልተመለሰም። ጀልባው ወንዙ መሃል ቆሞባቸው ይሁን፣ የቆላ ወባ ይሁን፣ የነገረኝ የለም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከጅማ የሚመጣ ሾፌር ባየሁ ቁጥር መንገድ ላይ አስቆም ነበር። ግቤ ላይ የጀልባ ሞተር ይሠራ የነበረ፣ ቀጠን ያለ፣ ባዶ እግሩን የሄደ መካኒክ አይተሃል ወይ እለዋለሁ። የመጀመሪያው ሾፌር ደግ ሰው ነበር፤ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«ምንሽ ነው እህቴ?» አለኝ።

አገር ምድሩ ነፃ ወጥቷል፣ ባንዲራችን ተሰቅሏል፣ በአካባቢው አንድም ጣሊያን የለም። እኔ ግን ግራ ቀኜን አየሁና «ምኔም አይደለም፤ አብሮን ይሠራ የነበረ ሰው ነው» አልኩት።