የመስከረም ንፍሮ

ሱሉልታ ቤት ሠርቼ ስገባ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ እናቴም ከሞተች ሁለት ዓመቷ። አስተማሪ ነኝ፤ ቀን ከስልሳ ልጅ ጋር ስጮኽ ውዬ ቤቴ ስገባ ስሜን የሚጠራ አንድ ድምፅ አልነበረም። ዘመዶቼ አዲስ አበባ ናቸው። «ምን ልትሆኚ ነው እዚያ ብርድ ውስጥ የገባሽው?» ይሉኛል እንጂ አንዳቸውም ተራራውን ተሻግረው አይመጡም። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ አኩራፊ ነኝ። ካልመጣችሁ ቅሩ ብዬ ተውኳቸው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እውነት መሆኑን ያሳዩኝ አዴ ናቸው። አዴ ስማቸው አይደለም፤ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው። መንደሩ እንደዚያ ሲላቸው ሰምቼ እኔም ያዝኩት። ባላቸውን ደግሞ ኦቦ እላቸዋለሁ። ልጆቻቸው አግብተው ርቀዋል፤ ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ። ቤቴ የቆመበት ቦታ ድሮ የኦቦ የገብስ ማሳ ነበር። እኔ የገዛሁት ከሌላ ሰው እጅ ነው፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ፊት ነስተውኝ አያውቁም። ጠዋት ስንገናኝ «አካም ቡልቴ፣ ቲቸር? ገብሴ ላይ ተኝተሽ እንቅልፍ ይወስድሻል?» ብለው ይስቁብኛል። እኔም «ይቆረቁረኛል እንጂ ኦቦ፣ በደንብ አላጨዱትም» እላቸዋለሁ። ይህ ቀልድ አራት ዓመት ሙሉ አላረጀብንም።

አዴ ስፌት አስተማሩኝ። ዝናቡ አባርቶ መስከረም ሲጠባ፣ ጠዋት ጠዋት ስንደዶ ልንነቅል ሜዳ እንወርዳለን። ስንደዶ አይታጨድም፤ አገዳውን አንድ አንዱን ይዘው ቀስ ብለው ይስቡታል፤ ሲወጣ ሲጥ ይላል። ሜዳው ገና የክረምቱን ውኃ እንደያዘ ስለሆነ የኔ ጫማ ይሰምጣል፤ አዴ በላስቲክ ጫማቸው ምንም ሳይመስላቸው ቀድመውኝ ይሄዳሉ። የነቀልነውን አድርቀን በጥርስ እንሰነጥቀዋለን፤ ግማሹን ቀለም አፍልተን እንነክራለን። ከዚያ የአዴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅን መስፋት ነው፤ አክርማ የሚባለውን ሣር መሃል አድርጎ በተሰነጠቀው ስንደዶ እየጠመጠሙ በወስፌ መውጋት። እኔን የሚያቅተኝ መነሻው ነበር። የመጀመሪያዋ ጥቅል የሽምብራ ፍሬ የምታህል ናት፤ በጣቶቼ መሃል እየተፈታች ታስለቅሰኛለች። አዴ ዝም ብለው ያዩኝና «አምጪው፣ አምጪው» ብለው ይቀሙኛል። ሁለት ሦስት ዙር ጠምዝዘው ይመልሱልኛል። በአራት ዓመት ውስጥ ብዙ ስፌት ጨርሻለሁ፤ አንዱንም ግን ራሴ ጀምሬ አላውቅም።

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። አዲስ አበባ በማስተር ፕላን ዙሪያዋን ልትጠቀልል ነው ተብሎ ቁጣው ከተነሳ ቆይቶ ነበር። አንድ ጊዜ ቡራዩ መንገድ ተዘጋ ይባላል፣ አንድ ጊዜ ሰበታ ላይ ተኩስ ተሰማ ይባላል፤ በመስከረም ግን ነገሩ እኛም በር ላይ ደረሰ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ። ታክሲ የለም፣ ኢንተርኔት የለም። ትምህርት ቤት ተከፍቷል ተባለ፤ ሄጄ ባዶ ወንበር ቆጥሬ ተመለስኩ።

ኦቦ ስብሰባ ተጠርተው ስለ መሬት ተናግረዋል። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ሰው ግን አጨብጭቦላቸዋል። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አጥራቸውን ሲጠግኑ ፒካፕ መጥቶ ቆመ። ሁሉንም በመስኮቴ አየሁት። ኦቦ መዶሻቸውን ለአዴ ሰጥተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው መኪናው ላይ ወጡ። የት እንደተወሰዱ የሚናገር ጠፋ።

ያን ቀን ወደ አዴ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ምን ብዬ ልግባ? ቤቴ የሰውየው ማሳ ላይ ቆሟል፤ እሳቸው ደግሞ የተወሰዱት በመሬት ነገር ነው። «ደግሞ ይቺ ምን ልትሰልል መጣች» የሚለኝ ሰው እንዳይኖር ፈራሁ። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ አለፈ። በመስኮት እያየሁ ዋልኩ፤ ሴቶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ሠላሳ እርምጃ የማይሞላ መንገድ ነው፤ እኔ ግን በሬን ከፍቼ መልሼ ስዘጋ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት በአጥር በኩል «አዴ እህል አልቀመሱም። እሳት እንኳ አልነደደም ቤታቸው» አለችኝ። ያኔ አፈርኩ። እኔ የምበላው ሲጠፋ ሳህን ይዘው የሚመጡት እሳቸው አልነበሩም እንዴ? አንድ ነገር ሠርቼ ልሂድ አልኩ። ግን ምን? መብራት ስለሌለ ወፍጮ ቤቱ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ዱቄቴ አልቋል። ሱቁ ዘይትም ሽሮም የለውም። ቤቴ ውስጥ የቀረው ያልተፈጨ ስንዴና ደረቅ ባቄላ ነበር።

እናቴ እንዳስተማረችኝ ባቄላውን ዘፍዝፌ አሳደርኩ። ጠዋት አስቀድሜ እሱን ጣድኩ፤ ስንዴው የሚገባው በኋላ ነው። ጨው ቀድሞ ከገባ ባቄላው አይበስልም፤ መጨረሻ ላይ ነው የሚደረገው። እየቀመስኩ፣ እየጨመርኩ፣ ደግሞ ትንሽ ደስም እያለኝ ሠራሁት። ስንዴው ፈካ፣ ባቄላው ሳይፈርስ ለሰለሰ። ውኃውን አጥልዬ ስፌት ላይ አደረግኩት፤ እንዳይቀዘቅዝ በነጠላ ሸፈንኩት። የሱሉልታ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራልና ጥቁር ሻሌን ደርቤ ወጣሁ።

ይህን ስጽፍ ገና ፊቴ ይግላል። ንፍሮ ምን እንደሆነ የማላውቅ ባዳ አይደለሁም! እናቴ የሞተች ቀን መንደሩ ይዞልን የመጣው ምን ነበር? ስንዴና ባቄላ፣ በስፌት፣ በነጠላ ተሸፍኖ። የኔ ጭንቅላት ግን የተራበ ሰው ብቻ ነበር የታየው።

ግቢው ውስጥ አሥር የሚሆኑ ሴቶች ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ስገባ ወሬው ተቋረጠ። አዴ ደጃፉ ላይ፣ ሁልጊዜ የምንሰፋበት ቦታ ላይ ነበሩ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸው ስር አስቀመጥኩትና «ትንሽ ቅመሱልኝ አዴ» አልኩ። ነጠላውን ገለጡ። አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ጥቁር ሻሌን አዩ። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና ወደ ውስጥ ገቡ። ከሴቶቹ አንዷ ስፌቱን አንስታ እጄ ላይ መለሰችልኝ።

«ይዘሽው ሂጂ እህቴ» አለችኝ። «ሰውየው አልሞተም።»

ያኔ ገባኝ። «ወፍጮ ስለሌለ ነው» ማለት ፈልጌ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ስለ ወፍጮ ምን ይወራል? ስፌቱን አቅፌ ወጣሁ።

ያን ንፍሮ ብቻዬን አራት ቀን በላሁት። ልድፋው ብል በዚያ ጊዜ እህል መድፋት ግፍ ነው፤ ለሰው ልስጥ ብል ማን ይቀበለኛል። ጠዋት ንፍሮ፣ ማታ ንፍሮ። በሦስተኛው ቀን ሆድ ባሰኝና እያለቀስኩ በላሁት፤ ጨው መጨመር አላስፈለገውም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የተባለውን ከባለሱቁ ነው የሰማሁት። የወራቤ ሰው ነው፤ በዚያ ሰሞን በሩን ገርበብ አድርጎ ነበር የሚሸጠው። ሻማ እየሰጠኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቲቸር፣ ሰው ምን እንደሚል ሰምተሻል?» አለኝ።

«ምን ይላል?»

«መሬቱን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ንፍሮውን አመጣች ይላል።» ፊቴን አይቶ ደነገጠ መሰለኝ፣ «እኔ አላልኩም ወላሂ። ሄደሽ አስረጃቸው እንጂ» አለ።

ልሂድ ብዬ ተነሳሁ፤ መንገድ ላይ ግን አመሌ መጣ። አራት ዓመት አብረን ተቀምጠን እንዴት እንደዚያ ያስቡኛል? አንድ ቃል ሳይጠይቁኝ? እኔም ኩርፊያዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። አሁን ሳስበው ኩርፊያ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ኩርፊያ ብዬ ስጠራው ግን ይቀለኝ ነበር።

ስንደዶ ልነቅል ብቻዬን ወረድኩ። ዘግይቼ ስለነበር አገዳው ጠንክሮ ቆየኝ። ከወንዙ ወዲያ የመንደሩ ሴቶች ይነቅላሉ፤ አዴ የሉበትም። ማንም አላባረረኝም። ማንም ደግሞ «ኮቱ፣ ነይ» አላለኝም። ሰላም ስላቸው ሰላም ይሉኝና ወደ ሥራቸው ያጎነብሳሉ። አንድ እቅፍ ነቅዬ ተመለስኩ፤ አድርቄ ሰነጠቅኩት። ያቺን የሽምብራ ፍሬ የምታህል መነሻ ለመጠምዘዝ ሦስት ቀን ፈጀሁ። ስድስት ጊዜ ተፈታችብኝ። በሰባተኛው ያዘች፤ ደስ ብሎኝ ቀና ስል የማሳየው ሰው አልነበረም። ያን ያህል ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም፣ እናቴ በሞተች ጊዜም ቢሆን።

ጥቅምት ገባ። ሜዳው ቢጫ ሆነ፣ ንፋሱ ደረቀ፣ ድርቆሽ መታጨድ ተጀመረ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እልልታ ሰማሁ። በመስኮት ሳይ ኦቦ በሁለት ሰው ተደግፈው በራቸው ላይ ቆመዋል። ጋቢው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። መንደሩ ተግተልትሎ ገባ። እኔ መስኮቴ ላይ ቆሜ «ተመስገን» አልኩ፤ ደጋግሜ አልኩት። እንዲህ ላለው ነገር ማንም ሰው አይጠራም፤ ሰምቶ መሄድ ነው። እኔ ግን እንደ ሞኝ ጠሪ ጠበቅኩ።

በሦስተኛው ቀን ራሴን ሰደብኩና ተነሳሁ። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ድስቴን ግን ማየት ጠላሁ። ገንፎ የአራስ ነው፣ ንፍሮ የለቅሶ ነው፤ ምን ብሠራ ምን ይሉኝ ይሆን? መጨረሻ ላይ ከባለሱቁ ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዛሁ። በስኳር የሚከፋ ሰው የለም። ጥቁር ሻሌን ቤት ተውኩት፤ እየተንቀጠቀጥኩ ሄድኩ።

ኦቦ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ግማሽ ሆነዋል። ጉልበታቸውን ልስም ስል በእጃቸው ከለከሉኝና ግንባሬን ሳሙኝ። «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ኦቦ» አልኩ። «ቲቸር! እኔ ሲሚንቶ ላይ ስተኛ አንቺ ገብሴ ላይ አለሽ አይደል!» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። አዴ ወተት አመጡልኝ። እጄን ይዘው ደህንነቴን ጠየቁኝ፤ ትምህርት ቤት ተከፈተ ወይ አሉኝ። ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አያርፍም፤ ወደ አጥሩ፣ ወደ በሬዎቹ፣ ወደ ኦቦ ይሄዳል።

ስነሳ ሊሸኙኝ እስከ በሩ መጡ። እዚያ ላይ አላስችል አለኝ።

«አዴ፣ ይቅር ይበሉኝ። በእናቴ አጥንት፣ ሌላ ነገር አስቤ አልነበረም። ወፍጮ ተዘግቶ ነው፤ ቤቴ ውስጥ ሌላ እህል አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ያውቃሉ?»

«ያኔውኑ አውቄያለሁ። አንቺን አላውቅሽም እንዴ?» የነጠላቸውን ጫፍ እያሻሹ ቆዩ። «አልተቀየምኩሽም፣ ልጄ። ሰው ያለውንም እኔ አላልኩም። ግን ያን ለሊት ልቤ ሞቷል፣ ሞቷል ሲለኝ ነው ያደረው። ለማንም አልተናገርኩም። ዋቃ ያውቃል፣ ለልጆቼም አልተናገርኩም። ሲነጋ አንቺ መጣሽ። ስገልጠው በልቤ የያዝኩትን አብስለሽ ያመጣሽብኝ መሰለኝ።»

የነጠላቸውን ጫፍ ለቀቁት።

«አሁን እሱ ይኸው፣ ተመልሷል» አሉ ወደ ኦቦ እያዩ። «ግን አንቺን ሳይ ያ ጠዋት ይመጣብኛል። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እንዲለቀኝ እጸልያለሁ።»

ቢሰድቡኝ መልስ ነበረኝ። ቢያኮርፉኝ ሽማግሌ እልክ ነበር። ለዚህ ግን ሽማግሌ አይላክም። እጃቸውን ሳምኩና ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህም ጎረቤታሞች ነን። በበዓል ቀን ሳህን ይልኩልኛል፤ እኔም እልካለሁ። ስታመም መጥተው አልጋዬ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ መሬት መሬቱን እያዩ። ያ ጠዋት ለቋቸው እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፤ አልለቀቀኝም እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ለአዴ ላደርግላቸው የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አስቀድሜ በመስኮት አያለሁ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁ ከሆነ በጓሮ በኩል ዞሬ እሄዳለሁ።