ኡሙሀኒና የማገዶው ደን

ኡሙሀኒ ከአሊዩ አምባ በታች ካለው ቆላ ወደ ደብረ ብርሃን የወጣችው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። ባሏን በሽርን እዚያው ቀብራ፣ ትንሿን ልጇን ሰሊሃን አዝላ መጣች። ከእኔ ጓሮ ያለችውን ጎጆ ተከራይታ ገባች፤ በዚያው ጎረቤቴ ሆነች።

የእኛ አገር ብርድ እንግዳ ነው ብሎ አይምርም። ያን ጊዜ ደግሞ ሜዳው ራቁቱን ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥተህ ዛፍ ብትፈልግ ዓይንህን ታደክማለህ። የምናነደው ኩበት ነው። ከብቱ የጣለውን ሁሉ ለምድጃ ስለምንለቅመው ማሳው እበት አያገኝም፣ ገብሱም ከዓመት ዓመት ይመነምናል። መንግሥት የማገዶ ደን አመጣላችሁ አለን። ጋራው ባሕር ዛፍ ይለብሳል፣ ከተማው እንጨት ያነዳል፣ እበቱ ወደ ማሳው ይመለሳል ተብሎ በስብሰባ ተነገረን። እኛ ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዝነው ሴት ይቀጠራል የሚለውን ብቻ ነው።

እኔና እሷ በአንድ ቀን ችግኝ ጣቢያው ገባን። አለቃችን ኃይለ ገብርኤል ዘሩን በጣሳ ይዞ መጣና ቆንጥሮ መዳፏ ላይ አደረገላት። ከጤፍ ያነሰ ጥቁር ብናኝ ነው።

“ዛፉስ የታለ ጋሼ?” አለችው።

“ያው እጅሽ ላይ ነዋ።”

“ኧረ ይተዉ! ይሄ እኮ ባስነጥስ ያልቃል።”

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ትንፋሿን ይዛ መዳፏን ታያለች። ዘሩን በተዘጋጀው የአፈር መደብ ላይ ስንበትን እንኳ የሆነ ሰው እያታለላት ይመስል በጎን በጎን ኃይለ ገብርኤልን ታየው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት መደቡን ያለበስንበትን ሣር ገልጠን ስናይ አፈሩ አረንጓዴ አውጥቷል። ኡሙሀኒ ውሃ ማጠጫውን አስቀምጣ ተንበረከከች። “ሱብሃነላህ” አለች። እኔ በዚያ ብርድ ላይ ቆሜ እግሬ ደንዝዟል፤ ተነሽ እንሥራ አልኳት። እሷ ግን የምትሰማኝ አልመሰለችም። እውነቱን ለመናገር የእሷን ፊት ካየሁ በኋላ እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ባሕር ዛፍ አውቃለሁ ስል ሲወለድ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ችግኝ ማለት ለእሷ ሰው ሆነ። ጠዋት ስትገባ ሰላም ትላቸዋለች። “ለእኔ እንኳ እንዲህ ሰላም ብለሽኝ አታውቂም” እያልኩ እተርባት ነበር። በኅዳር አመዳይ ሲጥል ማታ ማታ ሣር እናለብሳቸዋለን፤ እሷ የራሷን ጋቢ ጨምራ አልብሳ እየተንቀጠቀጠች ወደ ቤቷ የሄደችበት ጊዜም ነበር። ምን አይነት ሞኝ ናት ብዬ ተቆጣኋት። ክረምት ሲገባ ያሳደግናቸውን ተሸክመን ጋራውን ወጥተን ተከልን፤ በሚቀጥለውም ክረምት እንዲሁ። ራቁቱን የማውቀው ጋራ ጥላ አወጣ፣ ነፋሱም ድምፅ አገኘ። ምሳችንን ይዘን እዚያ ተቀምጠን እናዳምጠዋለን።

ይህ ሥራ ለኡሙሀኒ እንጀራዋ ብቻ አልነበረም። አዲስ አበባ የምትኖር ጠይባ የምትባል የባሏ እኅት ነበረቻት። ጠይባ በየመንገደኛው “ሰሊሃን ላኪልኝ፣ ሰው ቤት ሥራ አስገባታለሁ” እያለች ትልክባት ነበር። ኡሙሀኒም “ሥራ አለኝ፤ ልጄ አጠገቤ ሆና ትማራለች” ብላ ትመልሳለች። ልጅቱም ትማር ነበር።

ጋራው ሞላ። ኃይለ ገብርኤል ሰበሰበንና አመሰገነን፤ ከእንግዲህ ዛፉ ራሱን ስለቻለ ችግኝ ጣቢያው ይዘጋል አለን። ወንዶች ለጥበቃ ቀሩ። ሴቶቹ ተሰናበትን፤ ቅጠል እንኳ እንዳንጠርግ ተከለከልን። እኔ በንዴት ጨስኩ። ኡሙሀኒ ግን ረጋ እንዳለች ነበር።

“ምን ያንጨረጭርሻል? ለማገዶ አይደል የተተከለው? ይቆረጣል። ሲቆረጥ ጋራው ባዶውን አይቀር፤ ያኔ ይጠሩናል።”

“እኅቴ፣ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ አይሞትም። ከጉቶው ያቆጠቁጣል።”

“የደገኛ ወሬ! እኛ አገር ግራር ከሥሩ ከተቆረጠ አለቀለት።”

ደጋግሜ ነገርኳት። ማመን አልፈለገችም፤ የልጇ ነገር በዚያ ላይ ተንጠልጥሎ እንዴት ታምን? ልብስ እያጠበች፣ ለብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ፀጉር እየፈተለች ቆየች። ለጠይባም “ትንሽ ታገሺኝ፣ ሊጠሩኝ ነው” እያለች ላከች።

በሰማንያ ሁለት ቆራጮቹ መጡ። መጋዝ ይዘው የመጡት ሁሉ ከሌላ አገር ናቸው። ጋራው ከላይ ወደ ታች ተላጨ፤ እንጨቱ ተቆልሎ በከባድ መኪና ወደ አዲስ አበባ ይጓጓዝ ጀመር። ኡሙሀኒ ክረምቱ እስኪገባ ጠበቀች። ከዚያ አዲሱን ሻሿን አስራ፣ እኔን አስከትላ፣ ለመመዝገብ ወደ ኃይለ ገብርኤል ሄደች። ሰውየው የመጣችበትን ሲሰማ ከበደው። “ነይ” አለና ወደ ጋራው ይዟት ወጣ፤ እኔም ተከተልኩ።

ጉቶው ሁሉ ዙሪያውን አቆጥቁጧል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ለስላሳ ቅጠል፣ ዝናብ እንዳረፈበት፣ በአንዱ ግንድ ፋንታ ብዙ ሆኖ ተነሥቷል። ኡሙሀኒ ተንበረከከች።

“ማን ተከለው?”

“ማንም።”

“ማን ያጠጣዋል?”

“ማንም አያጠጣውም።”

“ደግሞ ሲቆረጥስ?”

“ደግሞ ይበቅላል።”

ታለቅሳለች ብዬ ፊቷን አየሁ። አላለቀሰችም። ቅጠሉን በጣቷ እየዳሰሰች “ያ ረቢ፣ ምን አይነት ነገር ነው የፈጠርከው” አለች፤ ከልቧ ተገርማ ነበር። እኔ ያን ጉቶ በመጥረቢያ ብፈልጠው ደስ ባለኝ። ቆይታ ተነሣች፣ የጉልበቷን ጭቃ አራገፈች፣ ቁልቁል እንጨት የሚጫንበትን መኪና አየች።

“ጋሼ፣ ያ መኪና ሰው ይጭናል?” አለችው።

ሰሊሃ በነጋታው እናቷ ባበቀለችው እንጨት ላይ ተቀምጣ ወደ ጠይባ ሄደች።