የጉዮ የወሊድ ፈቃድ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ነው... ምግብ ቤቴ ቁርስ በሚበሉ ሰዎች ሞልቶ ሳለ ቻፓቲ ጋጋሪዬ ጉዮ ሽርጡን አጣጥፎ በእጁ ይዞ ፊቴ ቆመ።

«ማማ፣ ዳርሚ ወልዳለች። ሴት ናት።»

ዳርሚ ሚስቱ ናት፤ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩትና እንዴት እንደሆነች ጠየቅሁት።

«በቀዶ ሕክምና ነው የተገላገለችው። ትናንት ወንድሟ ከሶሎሎ ሆስፒታል ይዟት መጣ። እናቷ ከከብቶቹ ጋር ጎልቦ ግጦሽ ላይ ናቸው፤ መምጣት አይችሉም። ከእኔ ሌላ ሰው የላትም... ፈቃድ ልጠይቅ ነው።»

«ሦስት ቀን ሰጥቼሃለሁ» አልኩት። ከድንበሩ ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ ለአባት ሦስት ቀን እንደሚሰጥ አውቃለሁ።

«ሕጉ ሁለት ሳምንት ይላል፣ ማማ።»

«የቱ ሕግ?»

«የዚህኛው» አለና በጣቱ ወደ ወለሉ አመለከተ።

ተናደድኩ። «ሁለት ሳምንት ምን ልትሠራ? ያማጥከው አንተ አይደለህም» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ብሎ ዳበል ሄዶ ሁለት ፍየል እየጎተተ የተመለሰ ሰው ነው። አልረሳሁም።

በሩ አጠገብ የሚቀመጠው የሎሪ ሾፌር አብዲ፣ እኩያዬ ነው፣ ሻዩን አስቀመጠና ጨመረበት። «ተዪው ማማ፣ ሊያጠባ ነው።»

ቤቱ ሳቀ። ጉዮ ወለሉን እንዳየ ቀረ።

እኔ ግን ያላነበብኩትን ይዤ መከራከር አልወድም። በልጅነቴ ያስተማሩን መምህር፣ መልሱ ያለበትን ገጽ ከፍተን ካላሳየን በማስመሪያ ይመቱን ነበር። ከሰዓት በኋላ ማመልከቻ የሚጽፈው ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩና ሕጉን አሳትሜ፣ መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ሳምንት፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። አሠሪዋ ደስ ካላት የሚል ነገር የለበትም።

ጉዮን ጠርቼ «ትክክል ነህ፤ ከነገ ጀምሮ ሂድ» አልኩት። ይቅርታ ግን አልጠየቅሁም።

ከዚያ ምድጃው ላይ ራሴ ቆምኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ቻፓቲው ሲያርር ሰነበተ። ሐሙስ ዕለት አብዲ የደረሰውን ገልብጦ ሥሩን አየና እንዲህ አለኝ።

«ጉዮ ተኝቶልሻል። በሩ ከጠዋት እስከ ማታ ዝግ ነው። ሎሪዬን የማቆመው ፊት ለፊቱ ነው፤ ደጅ ብቅ ሲል አላየሁትም።»

ሕጉ አሠሪ ቤት ድረስ ሄዳ ትቆጣጠር አይልም። አራስ መጠየቅንም አይከለክልም። በዚያው ቀን ሁለት ሊትር ወተት ይዤ ሄድኩ።

አንኳኳሁ። ደግሜ አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ከውስጥ ባልዲ ሲጎተት ሰማሁ። ፍየሉን እየደበቀ ነው አልኩ በሆዴ።

በሩ ሲከፈት እርጥብ ጨርቅ ፊቴን መታኝ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ተወጥሯል። የሕፃን ሽንት ጨርቅ፣ አንሶላ፣ የዳርሚ ቀሚስ... ሁሉም ባልዲ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ዳርሚ ከሥሩ ልጇን አቅፋ ተኝታለች። ውጭ ፀሐዩ ድንጋይ ያግላል፤ ይህ ቤት ግን ክረምት ነው። ሕፃኗ ሁለት ጊዜ አነጠሰች።

«ለቁስልሽ ሐኪሙ ምን አለሽ?» አልኳት።

«ደረቅ ቤት፣ አየር የሚገባበት።»

«ታዲያ ይሄ ለምን ደጅ አይሰጣም?»

ዳርሚ መለሰች። «አብዲ ያያል፣ ጓደኞቹም ያያሉ። ውሃ የሚቀዳውም ሰው ሳይነሳ ነው... እርስዎም ደግሞ ያማጥከው አንተ አይደለህም ብለውታል።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

አንዱን ጨርቅ በጣቶቼ አሸት አሸት አድርጌ አሸተትኩት። ሳሙናው ጥርግ ብሎ ወጥቷል። ስፌቱ ሳይቀር ነጽቷል። እንከን ፈልጌ አጣሁ... ይህ ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም።

ጨርቁን ሁሉ ከገመዱ አውርጄ ሳፋ ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ። በመንገዱ በኩል ባለው የአጥር ሽቦ ላይ ማስጣት ጀመርኩ። ጉዮ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

አብዲ ከሎሪው ጎማ ሥር ቀና አለ። «ማማ፣ አንቺም ወለድሽ እንዴ?»

«የማሰጣው እኔ ነኝ፤ ያጠበው ግን ጉዮ ነው» አልኩት። «ና አሽትተው። ካንተ ሸሚዝ ይሻላል።»

አብዲ ሸሚዙን አየ። ከዚያ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ጉዮ ነው፣ መቆንጠጫዎቹን በእጁ ይዞ። «ፖሌ ማማ፣ ይቅርታ» አለኝ፣ «እንዲህ ካሰጡት ነፋስ ይወስደዋል።» ያሰጣሁትን አንድ በአንድ አነሳና ጠርዙን እያጠፈ፣ እየቆነጠጠ፣ ሁሉንም እንደገና አሰጣው። መንገደኛው ያልፋል። እሱ ዞር ብሎ አላየም።

«ጉዮ፣ ሰኞ የተናገርኩት ስህተት ነበር።»

«እሺ ማማ» አለ፣ አንድ መቆንጠጫ በጥርሱ እንደያዘ።

ከበስተኋላችን ዳርሚ መስኮቱን ስትከፍት ተሰማን።

ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ሳምንት ይላል እንጂ፣ ሰው ቤቱ ተደብቆ ያሳለፈው ቀን አብሮ ይቆጠር አይልም። ስለዚህ መቁጠር የጀመርኩት ከሐሙስ ነው... ጉዮ እስኪመለስ አብዲ ያረረ ቻፓቲውን ይበላል።