ሁሉን የያዘው ዲስክ

ዲስኩን የገዛሁት ቆሜ ነው። ባለሱቁ በርጩማ አቅርቦልኝ ነበር፤ አልተቀመጥኩም። ከቆቦ ወልድያ ድረስ የሄድኩት ለዚያው ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሱቁ ውስጥ እንደገባሁ ልቤ ወደ መናኸሪያው ሸፈተ። የቆቦ መኪና ሞልቶ ጥሎኝ የሚሄድ መሰለኝ። ተፈጥሮዬ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች «አንቺን እኔ ሳላውቅ መንገድ ላይ ነው እንዴ የወለድኩሽ?» ትለኝ ነበር።

ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ማንሳት ነው፤ ያውም የሴቶቹን ወገን። በእኛ አገር በሙስሊሞቹ ሰርግ የሴቶቹ ዳስ ለብቻው ነው፤ ወንድ ካሜራ ይዞ አይገባበትም። እኔ ሴት ስለሆንኩ እገባለሁ። ክርስቲያን ብሆንም የእናቴ ወገኖች ሙስሊሞች ናቸው፤ ከዋጃ እስከ ጎብዬ ያሉ እናቶች የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ካሜራዬን ከመክፈቴ በፊት ሁልጊዜ አንዷ ትልቅ ሴት እጄን ይዛ «ተእጅሽ እንዳይወጣ» ትለኛለች። «አይወጣም» እላለሁ። ውላችን ይኸው ነው፣ ወረቀት የለውም። ቪዲዮው ተሠርቶ ሲያልቅ ለሙሽራዋ ይሰጣል፤ የሚያዩትም እሷ፣ እናቷና ጓደኞቿ ናቸው። ካለ ቦታው ቢወጣ የምትዋረደው ሙሽራዋ ናት፤ የገባችበት ቤት ነው የሚበላሽባት። ይህን አውቃለሁ። ሳላውቅ የሠራሁት ጥፋት አይደለም።

የችግሩ መነሻ ቦታ ማጣት ነበር። የዛሬ ካሜራ ሆዱ ሰፊ ነው፤ አንድ ሰርግ ብቻ ላፕቶፔን ጢም አድርጎ ይሞላዋል። አሮጌ ፍላሾችና ዲስኮች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቅሜ፣ የማን ሰርግ የትኛው ውስጥ እንዳለ ራሴም እየረሳሁ ቀረሁ። በመጨረሻ አንዱ ዲስክ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ማለት ጀመረ። ያ ድምፅ ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳኝና ወልድያ ሄድኩ።

ባለሱቁ ጠና ያለ፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ሁለት ዓይነት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንዱ ቀጭንና ቀላል ኤስኤስዲ ነው፤ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ፈጣን ነው፣ ቪዲዮ ሲቆረጥና ሲቀጠል አይጎተትም፣ ግን የሚይዘው ጥቂት ነው። ሌላው ወፍራምና ከባድ፣ ባለ መሽከርከሪያው ሃርድ ዲስክ ነው፤ ዘገምተኛ ነው፣ ግን የአምስት ዓመት ሰርግ ቢጭኑበት በቃኝ አይልም።

«ለምንድን ነው የምትፈልጊው?» አለኝ። ነገርኩት። ባለቤቴ ፊልም እንደሚወድ፣ ቤት ያለው ራውተር ዲስክ ሲሰካበት ያለ ገመድ በዋይፋይ ወደ ቴሌቪዥኑ ፊልም እንደሚልክም ጨመርኩለት።

«እንግዲያው በፈጣኑ ሥሪ፣ ያለቀውን በትልቁ አስቀምጪ። ለፊልሙ ደግሞ ሌላ፣ ርካሽ የሆነ፣ ለብቻው ይኑር። የሥራሽን ዲስክ ራውተር ላይ አትስኪ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ?»

ልክ ነበር። ልክ መሆኑንም ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ። ግን የትኛው ኤስኤስዲ፣ የቱ ኬብል፣ ምን ያህል የሚይዝ እያለ አንድ በአንድ ሊያስረዳኝ ሲጀምር እግሬ ተቁነጠነጠ። ለባለቤቴ ደወልኩለት። «አንድ ትልቅ ግዢና ለሁሉም ይሁን፤ ለሥራሽም ለፊልሙም» አለኝ። እኔም ከሱቁ ቶሎ የሚያስወጣኝን መልስ ነበርና የምፈልገው፣ ትልቁን አንስቼ ወጣሁ። መናኸሪያ ስደርስ የቆቦው መኪና ገና ግማሹም አልሞላም ነበር፤ አንድ ሰዓት ጠበቅኩት።

ቤት ሲገባ ዲስኩ ሌላ ጣጣ ሆነብኝ። የቆቦ ሙቀት ለሰውም አይመች፤ ዲስኩ ጥቂት እንደሠራ እንደ ምጣድ ይግላል። ከውሃው ጋን ሥር አስጠግቼ፣ በመካከላቸው ካርቶን አድርጌ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ «ትኩሳት ያዘው እንዴ? ጠበል ውሰጂው እንጂ» እያለ ሳቀብኝ። በዚያ ላይ ዘገምተኛነቱ ያቃጥላል። አንድ ቦታ ቆርጬ ምስሉ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ዕቃ አጥባለሁ፣ ግቢ እጠርጋለሁ፣ ተመልሼ ሳይ ሙሽራዋ እጇን እንዳነሳች ናት። መብራት ይሄድብኛል ብዬ ስሰጋ ደግሞ መብራቱ እውነትም ይሄዳል።

ሥራዬን ሳቆም ደግሞ ባለቤቴ ወስዶ ለፊልሙ ራውተሩ ላይ ይሰካዋል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አደረግኩ። የሴቶቹን ዳስ ሁሉ በአንድ ፎልደር ሰብስቤ ስሙን «አይነካ» አልኩት። ላፕቶፑ ላይ በአማርኛ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በቴሌቪዥኑ ላይ እንዴት እንደሚታይ ግን አላየሁም። እኔ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ አላውቅማ።

በዚያ ሰሞን የሠራሁት የዋጃ ሰርግ ነበር። ሙሽራዋ እዚያው ዋጃ ያደገች፣ ዓይነ አፋር የምትመስል ልጅ ናት። ዳሱ ሲሞቅና ጓደኞቿ የባሏን ቤተሰብ እየጠሩ በዘፈን መተረብ ሲጀምሩ ግን ሻሿን ጣለች፣ ከአንዷ አሮጊት በትር ተቀበለችና ተነሳች። አንዱን ትከሻዋን ሰቅላ፣ እየተንጎማለለች ዳሱን ዞረችው። ከበሩ ስትደርስ ቆማ «እህም፣ እህም፣ እህም» ብላ ሦስት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ቀጥላም በወፍራም ድምፅ «ውሃ የለም ተዚህ ቤት?» አለች። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። የባሏን አባት መቅዳቷ ነበር። ሰውየው ሲራመዱ ትከሻቸው ይሰቀላል፤ ቤት ከመግባታቸው በፊት ደግሞ ሴቶቹ እንዲሸፋፈኑ ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ከልጅነቷ ጀምሮ በመንገድ ስታያቸው ነው ያደገችው። ከሰርጉ በኋላ ግን በአገሩ ወግ ስማቸውን አትጠራም፣ ፊቷን አታሳያቸውም፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታሰማቸው ብዙ ትቆያለች። ስለዚህ የመጨረሻ ሳቋ እንዲሆን አድርጋ ሳቀች። እኔም ካሜራውን ይዤ እስክንቀጠቀጥ ሳቅኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ ሁለት እንግዶች ነበሩት። እሱ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ከየቀበሌው ያመጡለታል። እኔ ጓዳ ሥራ ላይ ስለነበርኩ እንግዶቹ እነማን እንደሆኑ አላየሁም። ፀሐዩ እስኪበርድ ፊልም ላሳያችሁ ሲላቸው ሰማሁ። ቆየት ብሎ እልልታ መጣ። መጀመሪያ ላፕቶፔ የተከፈተ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁት፤ ዝግ ነው። ከዚያ «እህም፣ እህም፣ እህም» የሚለው ተከተለ።

ሮጬ ገባሁ። ሙሽራዋ ፀጉሯን ገልጣ፣ በትሯን ይዛ ግድግዳውን የሞላ ቴሌቪዥናችን ላይ ትንጎማለላለች። ባለቤቴ ሪሞቱን እየደበደበ ነው። አንዱ እንግዳ፣ የሮቢት ገበሬ፣ ምንም ሳያውቅ ይስቃል። ከሱ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን ኩታቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ወደ ግድግዳው ዞረዋል። በሰርጉ ዕለት በር ላይ ቆመው እንግዳ ሲቀበሉ አይቻቸዋለሁ። የሙሽራዋ አማት ነበሩ።

የመብራቱን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። «ምነው፣ ጣፍጦ ሳለ?» አለ የሮቢቱ ሰው። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሱ። እኔንም ባለቤቴንም አላዩም። «ፓምፑን ሌላ ቀን እወስደዋለሁ። አላህ ቤታችሁን ይባርክ» ብለው አንድ ትከሻቸውን ሰቅለው ወጡ።

ባለቤቴ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። «አዲስ ፊልም መስሎኝ እኮ ነው! ስሙ አይነበብ፣ ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የሚያሳየው!» አለኝ። ገመዱን መልሼ ሰካሁና አየሁት። ያ ቴሌቪዥን የአማርኛ ፊደል አያውቅም ኖሯል። «አይነካ» ያልኩት አራት ባዶ ሳጥን ሆኖ ተደርድሯል።

እስኪመሽ ከሳሎን ጓዳ ተመላለስኩ። እሑድም እንዲሁ። ባለቤቴ «ሰውየው አላየሁም ብለው ነው የሄዱት። ዝም በይ። የግድ ካልሽም ትልልቅ ሰዎች እንላክና በቀስታ እሳቸውን ይቅርታ፣ አፉ በሉን እንበላቸው» አለኝ። ወጉም እሱ ነው። እኔ ግን ልጅቷ ምን እየደረሰባት ይሆን እያልኩ መታገሥ አቃተኝ። እየተንገላታች ይሆን? ተባራ ይሆን? ሰኞ ጠዋት ዲስኩንና ላፕቶፑን ይዤ ዋጃ ሄድኩ።

ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። እንዳየችኝ ፊቷ በራ። «እትዬ! ቪዲዮዬን አመጣሽልኝ?» አለችኝ።

ያኔ እንኳ መመለስ እችል ነበር። ስትስቅ አይቻታለሁ፤ ምንም እንዳልደረሰባት ፊቷ ላይ ተጽፏል። ግን ይዤው የሄድኩትን ይዤው መመለስ አልሆነልኝም። ሳልቀመጥ፣ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩላት። እርጥቡ ልብስ ከእጇ ወደቀ።

«እሳቸው... አዩኝ?»

«አፉ በይኝ፣ የኔ እናት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ወላሂ ቅዳሜ ገብተው ምንም አላሉም። በሉ፣ ሰገዱ፣ ተኙ።» የወደቀውን ልብስ አነሳች። «አጥፊው።»

«የትኛውን?»

«ሁሉንም።»

«እናትሽስ? ሌላ ቅጂ እኮ የለኝም።»

«ሁሉንም አልኩሽ፣ እትዬ።»

ከፊቷ ላፕቶፑን ከፍቼ አጠፋሁት። ለመገልበጥ ግማሽ ቀን የፈጀው ያ ዘገምተኛ ዲስክ ለማጥፋት ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አልፈጀበትም።

ስመለስ ቀለለኝ። ዛሬ የሚያሳፍረኝ ያ ቅለት ነው። መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ በሳምንቱ ወልድያ ሄጄ ባለሱቁ ካለኝ የቀረኝን ገዛሁ። ፈጣኑ ለሥራ፣ ትልቁ ያለቀውን ለማስቀመጥ፣ ሁለቱም ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፈው፣ ራውተሩ ላይ ደግሞ ከፊልም በቀር ምንም የሌለበት ለብቻው። በዚህም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ከወር በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ ከግቢያችን በር «እህም፣ እህም፣ እህም» ሲል ሰማሁ። ሽማግሌው ፓምፓቸውን ሊወስዱ መጥተዋል። ባለቤቴ አልነበረም። በርጩማ አቀረብኩላቸው፤ አልተቀመጡም።

«አባቴ፣ አፉ ይበሉኝ» አልኩ፤ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

«የዛን ለትማ ምንም አልሆንሁም ነበር፣ ልጄ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ያየሁትን እኔ ዘንድ አስቀምጨው ነበር። ተዚያ ማንም አያገኘውም። ለምን አወጣሽው?»

ፓምፑን ከጥግ አውጥቼ አቀረብኩላቸው።

«ሦስት ወንድ ነው ያሳደግሁ። እናታቸው ተሞተች ወዲህ ቤቴ ሳቅ አያውቅም። ይቺ ልጅ ተገባች ወዲህ ተመጋረጃው ኋላ ተሴቶቹ ጋር ስትስቅ እሰማ ነበር። እኔን እየቀዳች እንደሁ አሁን ገባኝ፤ ትቅዳኝ፣ ምን አለበት? አንቺ ቤታችን ተመጣሽ ወዲህ ግን ጉሮሮዬን ስጠርግ ሳቋ ቁርጥ ይላል። ውሃ ስትሰጠኝ በመጋረጃው ሥር አስቀምጣው ትሮጣለች።»

ፓምፑን አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ፤ በተሰቀለው ትከሻ ላይ።

«አሁን ደጅ ስደርስ ጉሮሮዬን አልጠርግም» አሉ። «ሳልጠርግ ደሞ አልገባም፤ ነውር ነው። እዚያው ቆሜ ጥቂት እሰማታለሁ። ተዚያ ሳታውቅብኝ ወደ ሽንኩርቱ እመለሳለሁ።»

ሄዱ። እኔ እሳቸው ያልተቀመጡበት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፤ ባለቤቴ ለምሳ እስኪመጣ ድረስም አልተነሳሁም።