ቀስ ብለው የሚነዱት ሰው

አባታችን ባረፈ በዓመቱ እኔና ታላቅ እህቴ ሶዶ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ቤታችን የፊት ለፊቷን ክፍል ጌም ቤት አደረግናት። ሁለት ቴሌቪዥን ከነጌም ማጫወቻቸውና አግዳሚ ወንበሮች፣ ሌላ ነገር አልነበራትም። ከትምህርት ቤት የሚወጡ ተማሪዎች ይሞሏታል፤ ሁሉም የሚፈልገው የኳስ ጨዋታ ነው። እኔም ከእነሱ አልለይም ነበር። ሌላ ጨዋታ የሚመርጥ ሰው ኳስ ስለማይችል ነው የሚመርጠው ብዬ አምን ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጎልማሳ መምጣት ጀመሩ። ገሱባ ከተማ የአምቡላንስ ሾፌር ናቸው፤ ቤተሰባቸው ሶዶ ስለሆነ የእረፍት ቀናቸውን እዚህ ያሳልፋሉ። የመኪና እሽቅድምድም ያስከፍቱና አይሽቀዳደሙም። ሌሎቹ መኪኖች ጥለዋቸው ሲሄዱ እሳቸው ዳር ዳሩን ይዘው፣ ኩርባ ላይ ፍጥነት ቀንሰው፣ ግራና ቀኙን እያዩ ይነዳሉ። ሁልጊዜ መጨረሻ ናቸው። ተራ የሚጠብቁት ተማሪዎች በወላይትኛ እየተንሾካሾኩ ይስቁባቸዋል፤ እሳቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ።

አንድ ቀን መብራት ጠፋና ተማሪዎቹ ሲበተኑ ሰውየው ጆይስቲኩን እንደያዙ ቁጭ ብለው ቀሩ። ለምን እንደማይሽቀዳደሙ ጠየቅኳቸው።

"ጋሼ፣ መንዳት እኮ ሥራዎ ነው። ቢፈልጉ ማንንም ይቀድማሉ።"

"ሥራዬ ላይ ስቸኩል ነው የምውለው" አሉኝ። "ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ ትጮኻለች፣ ባሏ ፍጠን ይለኛል። ስፈጥን ደግሞ መንገዱ ያንገጫግጫታል። እዚህ ከኋላዬ ማንም የለም።"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሶዶ ሆስፒታል ሳይደርሱ መንገድ ላይ ስላረፈችባቸው አንዲት ወላድ ነገሩኝ። ባሏ አልወቀሳቸውም፤ አስከሬኗን ይዘው ሲመለሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። መብራቱ ሲመጣ ጨዋታውን እኔው ከፈትኩላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁሉም ሰው ምርጫ ምስጢሩ የተገለጠልኝ መሰለኝ። እህቴ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ናት፤ ስትናገር ድምጿ አይሰማም። ደንበኛ ሳይኖር ግን የምትከፍተው የድብድብ ጨዋታ ብቻ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ አባታችን ካረፈ ወዲህ ስታለቅስ አይቻት እንደማላውቅ፣ ያልወጣላትን ሐዘንና ንዴት እዚህ እየተወጣችው እንደሆነ አስረዳኋት።

ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"ለአባባ ማልቀስ ስፈልግ አለቅሳለሁ፤ አንተ አታየኝም እንጂ። ይሄን የምጫወተው ደስ ስለሚለኝ ነው።"

አልተቀየመችኝም ግን፤ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አቀበለችኝና ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ተጫወትን። እኔ ዝም ብዬ ቁልፎቹን ስደበድብ፣ ተጋጣሚዬ እጁን እስኪያነሳ ጠብቄ እንድከላከል አሳየችኝ። ደጋግማ አሸነፈችኝ። እሷን እንደዚያ ያስደሰታት ነገር ምን እንደሆነ ፈልጌ አጣሁት፤ እውነቱን ለመናገር ጨዋታው አልጣመኝም።

ሾፌሩ ኋላ ቤተሰባቸውን ይዘው ሃላሌ ወደምትባል ከተማ ተዛወሩና መምጣት አቆሙ። ጨዋታው ሁሉ ስልክ ላይ ሲገባ እኛም ክፍሏን ለልብስ ሰፊ አከራየናት። እስከዚያ ድረስ ግን ለሚመጣው ሁሉ የሚወደውን ጠይቄ እከፍትለት ነበር። ለምን እንደወደደው ራሱ ካላነሳው አልጠይቅም ነበር።