ሮዳጅ እስኪያልቅ

ቮልሴን የገዛሁት ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ንፋስ መውጫ ማስተማር ከጀመርሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ ውኃ የማይሻ፣ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ባለ አሥራ ሁለት መቶ ሲሲ ነበር። ለከተማ ይበቃል። ባለቤቴ ወደተወለደችበት፣ በወገዳ በኩል ወዳለው የማርያም ደብር የሚያወጣው ዳገት ግን ያሸንፈው ነበር። ስለዚህ ከዳገቱ ሥር ካለው ጥድ ስንደርስ እርሷ ትወርዳለች። ድንጋይ ይዛ ትከተለኛለች፤ መኪናዋ ስትቆም ከጎማው ሥር ታስገባለች፤ እንደገና እነሣለሁ። የኅዳር ጽዮንን ንግሥ በየዓመቱ የተሳለምነው እንዲህ ነው።

“አንቱ ተቀምጠው፣ እኔ በእግሬ፤ ጽድቁ ለማን እንደሚጻፍ እናያለን” ትለኝ ነበር።

ጉልበቷ ሲከዳት መሄዱን ተውነው። አምና ክረምት ልቧም ደከመ። “ጽዮንን አንድ ጊዜ ብሳለም” አለችኝ። በሚኒባስ ተጣጥፋ መቀመጥ ስለማትችል፣ ባለ አሥራ ስድስት መቶ ሞተር አፈላልጌ አስገጠምሁ። ፒስተኑም ሲሊንደሩም አዲስ ነበሩ። መካኒኩ ሮዳጅ እንዳለበት ነገረኝ፤ አዲሱ ብረት እስኪላመድ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ሳያስጨንቁ መንዳት ማለት ነው። እኔም በየማለዳው በሜዳው መንገድ እየተመላለስሁ በደብተር መዘገብሁ።

ኅዳር ሲገባ ሁለት መቶ ያህል ቀርቶኝ ነበር። መካኒኩ ራሱ፣ “ጋሼ፣ አንድ ዳገት አይገድለውም፤ ይዘዋቸው ይሂዱ” አለኝ።

“አንድ ሺህ ብለኸኛል” አልሁት።

የበዓሉ ዋዜማ ባለቤቴ ያጠበችውን ነጠላ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። እንደማንሄድ ነገርኋት።

“ያገቡት እኔን ነው ሞተሩን?” አለች፤ ከዚያም ነጠላውን መልሳ እያጠፈች፣ “ይሁን። ለከርሞ ያድርሰን።”

ሮዳጁ በታኅሣሥ አለቀ። እርሷ በጥር ዐረፈች።

ቃሏ ከእናቷ ጎን እንድትቀበር ነበርና አስከሬኗ በጭነት መኪና ተጫነ። እኔ በቮልሴ ተከተልሁ። ዳገቱን ስንጀምር የጭነት መኪናው እያቃሰተ ይወጣል፤ የእኔዋ ግን አልተሰማትም፤ እንዳትቀድመው ፍሬን እይዝ ነበር። በዳገት ፍሬን ይዤ አላውቅም።

ከጥዱ ስደርስ እግሬ ሳላዘው አቆመ። ወደ ቀኝ በሩ ዞርሁ፤ እስክትወርድ እጠብቅ ነበር መሰለኝ።

ከኋላ በሚኒባስ የሚከተሉት ለቀስተኞች ሞተሩ የደከመ መስሏቸው ወረዱ። አንዱ ድንጋይ አንሥቶ ከጎማው ሥር አስገባ፤ ሌሎቹ ሊገፉ ትከሻቸውን ሰጡ።

“አይዞዎት አባባ፣ እንገፋዎታለን” አሉኝ።

“አትድከሙ ልጆቼ” አልኋቸው፤ “አቅም አላት። ድንጋዩን ብቻ አንሡልኝ።”